ጋዝህ አልቋል ይሉኛል

ድሬዳዋ ውስጥ ኤሲ የሚጠግን ልጅ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተምሮ የተመረቀ ይመስለኛል፦ «ጋሼ፣ ጋዝህ አልቋል!» ኤሲው ውሃ ቢያንጠባጥብ ጋዝ ነው። ቢያጓራ ጋዝ ነው። የሪሞቱ ባትሪ ቢሞት እንኳ ጋዝ ነው። ባለፈው ግንቦት ለመኝታ ቤቱ ኤሲ የመጣው ደግሞ ይብስ ነበር፤ ማሽኑን ገና ሳያይ፣ ሽርጥ ታጥቄ በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ ከላይ እስከ ታች ቃኘኝና «ጋዝህ አልቋል» አለኝ።

«የእኔ ከሆነ አልተሳሳትክም» አልኩት። «የማሽኑን ግን ገብተህ እየው።»

አንተ ማለቱን ተዉት፤ ድሬ ላይ አንቱታ በቅሎ አያውቅም፣ የሚያስቀይመኝም እሱ አይደለም። የሚያስቀይመኝ ፊልተሩን ሳይከፍት፣ ጌጁን ሳይሰካ፣ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ መምጣቱ ነው። መርፌውን ወድሮ ከበር የሚገባ ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኤሲ ጋዝ አይበላም። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ጋዙ ነዳጅ አይደለም፤ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት አንሥቶ ውጭ ይጥላል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ያነሣል። ቱቦው ካላሾለከ ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ማሽኑ አርጅቶ እስኪወድቅ ይበቃዋል። ጎደለ ከተባለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቱቦዎቹ በሚገጠሙበት ዳዶ ላይ ነው። እሱን ለማግኘት የሳሙና አረፋና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ልጁን «ሳሙና ላምጣልህ?» ስለው «እጄን ታጥቤአለሁ ጋሼ» አለኝ።

ሞላው። ጥቂት ሰንብቶ ሰኔ ላይ ተመልሶ ሞቀ። ደወልኩለት። ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ ወይስ ገምታችሁታል? በመጨረሻ ሳሙናውን ራሴ በጥብጬ መሰላል ላይ ወጣሁ፤ አረፋው ዳዶው ላይ ቡፍ ሲል አየሁት። ባለቤቴ ከታች መሰላሉን ይዛ «ውረድ፣ በዚህ ዕድሜህ!» ትላለች፤ ልጁ ደግሞ ቁልፉን ያቀብለኛል። ለሥራው የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁት ከምድር ባቡር ጋራዥ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሐዲድ ላይ የሚሰበር ነገር ወደ ድሬ ይመጣ ነበር። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም፤ ብረት እናቀልጣለን፣ ቶርኖ ላይ እንጠርባለን፣ እንገጥማለን፣ ይሄዳል። አለቃችን «ምን ተበላሸ?» ሲል «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የጀመረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም ነበር። ስለዚህ «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀኝን ሰው ሳይ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ። በዚህ ሙቀት ላይ ደግሞ ደም ለመፍላት ብዙም አይርቀው።

ለሳሎኑ ኤሲ የመጣው ሌላው ልጅ ጋዝ አላለም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ነው ያለው። ውጭ ያለው ክፍል «እምምም» ይልና ጸጥ ይላል፤ ልጁ ይህን የሞት ጣር አድርጎ ቆጠረው። እምምም የሚል ኮምፕሬሰር መቼ ሞተ! ለመነሣት የሚገፋው አጥቶ ነው እንጂ። የምትገፋው ካፓሲተር የምትባል የጣሳ ቅርጽ ያላት ዕቃ ናት፤ በሙቀትና ከፍ ዝቅ በሚል መብራት አቅሟ ይከዳታል። ዋጋዋ ከአዲስ ኤሲ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ አይታይም። በቴስተር ለክቶ ላይዋ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ማስተያየት የደቂቃ ሥራ ነው። አስለወጥኳት፤ ሬሳው ተነሥቶ ሳሎኑን አበረደው። ልጁ ሒሳቡን ሲቀበል ፊቱ ሐዘንተኛ ይመስል ነበር። አሸዋ ገበያ ኤሲ የሚሸጥ የአጎት ልጅ እንዳለው የሰማሁት ኋላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ልጆቹ ላይ አልከምርም። መብራቱም አለበት። 220 መሆን ያለበት ቮልት፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ኤሲውን ሲከፍት 170 ሲገባ በስታብላይዘሬ ላይ እያየሁ አድራለሁ። ኮምፕሬሰር ቮልት ሲያንሰው እንደ ሰው አይለግምም፤ ያችኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ የመዳብ ሽቦው ሽፋን ይቃጠላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ተነሣ ሲባል ይታነቃል። ሦስት ደቂቃ ቢታገሡት ይተርፍ ነበር። አዳዲሶቹ ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ለእኔ አሮጌ ግን ቆጣሪው እኔ ነኝ። መብራት ሲመጣ የልጅ ልጄ እልል ብሎ ወደ ሪሞቱ ሲሮጥ፣ እኔ «ቆይ! ቆይ!» እያልኩ በሽርጥ ስከተለው፣ ጎረቤት ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው።

የሪሞቱስ ነገር! 16 ላይ ያደርገዋል። 16 ሲባል ቶሎ የሚያበርድ ይመስለዋል። እንደ እኔው ያለ አሮጌ ኤሲ ግን ወይ ይሠራል ወይ ይቆማል፤ 26 ላይም 16 ላይም የሚነፋው ያው ነፋስ ነው፣ ልዩነቱ መቼ እንደሚያርፍ ብቻ ነው። በድሬ ግንቦት 16 ዲግሪ ከተባለ አያርፍም። የመብራቱ ታሪፍ ደግሞ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛው እርከን እንዲከፍል ሆኖ የተሠራ ነው። እኔ ሒሳቡን ሳስብ እናቱ መጥታ ልጁን ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ ብርድ ልብስ! ብርድ ያማረው ሰው ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ይደር እንጂ በእኔ ቆጣሪ ምን አደረገኝ?

ይህ ማሽን ሲጀመርም ለሰው ታስቦ አልተሠራም። ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ በፈረንጆች 1902 ዓ.ም. ብሩክሊን ውስጥ ላለ አንድ ማተሚያ ቤት ነው የነደፈው፤ እርጥበቱ ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙ ከቦታው ይስትባቸው ነበርና። ለወረቀት! በዚያው ዓመት መጨረሻ ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ፈረንሳዮቹ ከዚራ ላይ ቤት ሲሠሩ የብሩክሊኑን ሰው አልጠበቁም፤ ጣሪያውን ከፍ፣ ግድግዳውን ወፈር፣ በረንዳውን ሰፋ አድርገው ዛፍ ተከሉና ከሥሩ ተቀመጡ። የእኔ ወንድ ልጅ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ዝቅ ያለ ኮርኒስ ዘረጋ፣ ወደ ምዕራብ የግድግዳ ግማሽ የሚያህል መስታወት ከፈተ፣ ከዚያ «አባዬ፣ ኤሲው አይበቃም፣ ትልቅ ይገዛ» አለኝ። መጋረጃ ይበቃ ነበር፤ መጋረጃ ግን ሪሞት የለውም።

ትልቅ ይገዛ ሲባል የመጣው ሻጭ «አንድ ቶን ተኩል ያስፈልጋችኋል» አለ። ባለቤቴ ግድግዳውን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማርያምን ሥዕል አየች፣ «አይችለውም» አለች። የክብደት እንዳልሆነ አስረዳኋት፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ማውጣት ማለት ነው፣ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ። «ታዲያ በረዶውን የት ሊያደርጉት ነው?» አለች። ተውኩት። ሻጩም ትልቁን የመከረን ለእኛ አዝኖ አይደለም። ከክፍሉ በላይ የሆነ ተራ ኤሲ ቶሎ አብርዶ ይቆማል፣ ወዲያው ይነሣል፣ ሲወድቅ ሲነሣ ዕድሜውን ይጨርሳል።

እንግዲህ ዘንድሮ የሳሎኑ ኤሲ በእርግጥ ሞተ። ብሬከሩን እየደጋገመ ይጥላል፤ በቴስተር ስለካው የኮምፕሬሰሩ ሽቦ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል። ይህን ካፓሲተር አያድነውም። ከላዩ ላይ ደግሞ አር 22 ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚበላ በፈረንጆቹ 1987 የሞንትሪያል ስምምነት መንገድ ከዓለም እየተሰናበተ ነው፤ ሀብታሞቹ አገሮች በ2020 ተዉት፣ እንደ እኛ ያሉት በ2030 ለጥገና ከምትቀር ጥቂት በቀር እንዲያበቁ ተወስኗል። ተተኪው አር 410ኤ እንኳ አልቀናውም፤ ኦዞኑን ባይነካም ምድርን ያሞቃል ተብሎ እሱና መሰሎቹ በፈረንጆቹ 2016 ኪጋሊ ላይ ስማቸው መዝገብ ገባ። እኛን የሚያበርደን ነገር ሁሉ ሰማዩን ማስቀየሙ ምን ዓይነት ዕዳ ነው?

አንድ ጠጋኝ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አሮጌ ኮምፕሬሰር አለኝ፤ ገጥሜ በ410 እሞላልሃለሁ» አለኝ። የ410 ግፊት የ22ቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፣ ዘይቱም ሌላ ነው፣ የ22ቱን ቱቦና ኮምፕሬሰር በእሱ መሙላት ቦምብ ባይሆን እንኳ ከጤና አይቆጠርም አልኩት። «ጋዝ ጋዝ ነው ጋሼ» አለ። በሩን አሳየሁት።

ዱባይ ያለችው ልጄ በቪዲዮ ደውላ «አባዬ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ እኮ ነው፤ ጣለውና እኔ ገንዘብ ልላክ» አለችኝ። ባለሙያዎቹ ለኤሲ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው የሚሰጡት፣ አውቃለሁ። ግን ዕድሜ ብቻውን ምክንያት ከሆነ እናትሽ እኔን እስካሁን ምን አቆያት ስላት፣ ባለቤቴ ከጓዳ «መለዋወጫ አጥቼ ነው» ብላ መለሰች።

ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ጣለው የሚሉት ደንብም አለ። ደንቡ ዋጋ በሚቆምበት አገር ይሠራ ይሆናል። ብሩ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጠዋት የጠየቅሁት ኤሲ ከሰዓት ሌላ ኤሲ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። አዲሱ ሲወደድ ግማሹም አብሮ ይወደዳል፤ በዚህ ስሌት ደንቡ እስከ ዕለተ ምጽአት ጠግን ጠግን ይለኛል። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው። ካፓሲተር፣ የፋን ሞተር፣ የተደፈነ የውሃ ቱቦ፣ የላላ ዳዶ፣ በአቧራ የታፈነ የውጭ ክፍል፣ ይህ ሁሉ ማሽኑ ሃያ ዓመት ቢሆነውም ይጠገናል፤ ለአቧራው እንዲያውም ጠጋኝ አያስፈልግም፣ መብራቱን አጥፍቶ በቀስታ ውሃ ማጠብ ነው። ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ ቱቦው ውስጥ አሲድ ሲረጭ፣ ያውም ጋዙ ከገበያ የሚጠፋ ዓይነት ሲሆን ግን እንኳን እኔ፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ሙሉ ሠራተኛ ቢሰበሰብም ትርፉ ድካም ነው። የሳሎኑ እዚያ ደርሷል። የመኝታ ቤቱን ግን ማንም እንዳይነካብኝ።

ስለዚህ አዲስ ገዛን፤ ኢንቨርተር የሚሉት። ልጄ ናት የከፈለችው፣ የተከራከርኩት እኔ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ብልህ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ክፍሉ ሲበርድ ጭራሽ ከመቆም ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመብራት ወጪውም ይቀንሳል። ግን የሚያዝዘው ቦርድ ነው፤ ቦርድ ደግሞ የድሬን መብራት አይወድም፣ ከተቃጠለም እንደ ካፓሲተሯ በጥቂት ብር አይመለስም። ስታብላይዘሬን ከአሮጌው ላይ ነቅዬ ለእሱ ሰጠሁት።

ኤሲውን የሚገጥሙት ልጆች ሲመጡ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘዋል፣ የሚቦረቡር ድሪል ይዘዋል፣ ጫት ይዘዋል፤ ቫኪዩም ፓምፕ አልያዙም። ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት ካልተመጠጠ ከዘይቱ ጋር ሆኖ ውስጡን ይበላዋል። «ትንሽ ጋዝ ለቀቅ አድርገን አየሩን እናስወጣዋለን፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። ሁሉም እንዲህ ስለሚያደርግ ነዋ ሁሉም ጋዝህ አልቋል የሚባለው! ፓምፕ እስኪያመጡ በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲመሽ ከጓደኛ ተውሰው አመጡት፤ እኔም ሰዓት ይዤ ሳስመጥጣቸው እራት አለፈኝ።

አሁን ሳሎኑ ይበርዳል። ዋይፋይ አለው ብለው ልጄ ስልክ ላይ አገናኙት። ቡናዬን ልጠጣ ስቀመጥ ጡጥ ይልና 26 የነበረው 22 ይሆናል፤ «አባዬ፣ ሙቀት እንዳይጎዳህ ብዬ ነው» የሚል መልእክት ይከተላል። እኔ በሪሞት 26 አደርገዋለሁ፣ እሷ ዱባይ ሆና 22። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የምታቆመው፤ ያኔም ደውላ «ኤሲው አይታየኝም፣ ምን ነካችሁት?» ትላለች።