«ወረቀት ነው» ላሉኝ ጋሼ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሚድታውን ፒድሞንት ፓርክ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጋሼ ወረወሩብኝ፦ «ተመራማሪ ሁሉ አገር ቤት ይወርዳል፣ ድሃውን ሲጠይቅ ይከርማል፣ ዶክትሬቱን ይዞ ይመለሳል። ጥናቱ ወረቀት ነው! መቼ ፖሊሲ ሆኖ ያውቃል?»

«የጎንቻ ሲሶ እነሴ ሰው አይደሉ? መልሱ እዚያው ቀዬዎ አለልዎት» አልኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የሳን ፍራንሲስኮው ፕሮክተር ተቋም እዚሁ አትላንታ ካለው ካርተር ማዕከል ጋር በወረዳው የትራኮማ ጥናት ጀመረ። ንዑስ ቀበሌዎቹ በዕጣ ተለዩ፤ ለአንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን ወዲያው ታደለ፣ ሌሎቹ ዓመት ጠበቁ። የታሰበው ዓይን ለማዳን ነበር። ሞት ሲቆጠር ግን፣ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካልታደለባቸው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ይህ በ2009 ታተመ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ሰፊ ሙከራ ተከተለ፤ በ2018 የወጣው ውጤትም የሕፃናት ሞት ከ13 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳየ። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሕፃናት ሞት በበረታባቸው ከሰሃራ በታች ባሉ አካባቢዎች ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት መድኃኒቱ ሊሰጥ እንደሚችል መመሪያ አወጣ።

«ለኒጀር ሕፃን የመሰከረው የጎንቻ ልጅ ነው፤ ይኼ ወረቀት ነው ጋሼ?»

«ውኃና ሽንት ቤት ቢኖረን መድኃኒቱን ማን ይሻው ነበር!»

«እሱም ተጠንቷል፤ ዋግ ኽምራ ላይ። በ2022 የታተመው ውጤት፣ ውኃውና የንጽሕና ትምህርቱ በሦስት ዓመት ውስጥ የትራኮማን ኢንፌክሽን እንዳልቀነሱ ነው የሚናገረው።»

ውኃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት ጥናት ሳትጠብቅ ውኃ ይገባታል። ነገር ግን ለትራኮማ ብሎ በጀት የሚቆርጥ ባለሥልጣን ይህን ሳያውቅ ቢቆርጥ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮም የሰው ዓይን ይጠፋል። «አልሠራም» የሚል ጥናት ስንት ዓመት ከመባከን ያድናል!

ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው፦ «እናቴ ወረንጦ ከእጇ አይጠፋም ነበር፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ሲወጋት ትነቅለው ነበር። እኔ ከዚያው ተወልጄ የጥናቱን ነገር የሰማሁት ዛሬ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ካንተ አፍ ነው። የልጇን ዓይን ገልጣ ለጥናት የሰጠች እናትስ? በቀበሌዋ ስብሰባ፣ በአማርኛ፣ ያንቺ ልጅ ይህን አደረገ ብሎ ማን ነገራት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።