ለ500 ሚሊአምፔር ጌቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኤስቢ ኢምፕሌመንተርስ ፎረም
ቢቨርተን፣ ኦሪገን

ጉዳዩ፦ የኮረንቲ ኮታ እንዲስተካከልልን ስለመጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ተቀበሉኝ፤ የእናንተ የዩኤስቢ ደንብ ባይኖር ኖሮ ገበያዬ ይቀዘቅዝ ነበር።

ደንባችሁ እንደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ዲስክ ዩኤስቢ 2.0 ፖርት ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚፈቀድለት 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገው ማንነቱንና ፍላጎቱን አስመዝግቦ፣ ኮምፒዩተሩ ሲፈቅድለት፣ እስከ 500 ይወስዳል። ሥርዓት ነው፣ አንቃወምም። ችግሩ ቅጹ ላይ ከ500 በላይ የሚጻፍበት ቦታ አለመኖሩ ነው። በኪስ የሚያዘው ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ፣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን፣ ወደ 1000 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የተለጠፈችው ደቃቃ ጽሑፍ «5 ቮልት፣ 1 አምፔር» ብላ ትናዘዛለች። ታዲያ ምን ያድርግ? «500 ይበቃኛል» ብሎ ይፈርምና ከገባ በኋላ የልቡን ይጎትታል። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም፤ እውነቱን የሚጽፍበት መስመር አልተወላችሁለትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ እንጀራ ነው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ መዞር ይጀምርና ያቆማል፣ ኮምፒዩተሩም የሚጠፋ የሚመለሰውን ዲስክ ሲጠብቅ ደርቆ ይቀራል። ማዘርቦርዱ ደካማ ከሆነ ጭራሽ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል።

በቅርቡ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣ። ሙሽሮቹ ያሉት ኤክስተርናሉ ውስጥ ነው፤ እሱ በተሰካ ቁጥር ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ የአገራችንን ፍቱን መድኃኒት አዝዞለታል፦ ፎርማት። ዊንዶው እንደ አዲስ ተጫነ፤ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ጠፋ፣ የአማርኛ ፎንቶቹ ጠፉ፣ ሰማያዊው ስክሪን ግን ንቅንቅ አላለም። አሰካኩን አየሁት። ከፊት ለፊት ባለው ፖርት ነው፤ እሱ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በኬሱ ውስጥ በሚሄድ ቀጭን ሽቦ ነው። በዚያ ላይ ኬብሉ ከዲስኩ ጋር የመጣው ሳይሆን ከሱቅ የተገዛ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሜትር የሚያልፍ ነገር ነው። አጭር ኬብል አምጥቼ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ባለው ፖርት ሰካሁት። ሙሽሮቹ ኬክ ቆረሱ።

ሁሌ እንዲህ አይቀናም። አንዳንዴ ዲስኩ ራሱ ሞቷል፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ይለያል። አንዳንዴ ዊንዶው ኮረንቲ ልቆጥብ ብሎ ፖርቱን ያስተኛዋል። አንዳንዴም ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ከኤክስተርናሉ ላይ ዊንዶው ፍለጋ ገብቶ ሳይመለስ ይቀራል። እነዚህን በእናንተ አላሳብብም።

ባለ ሁለት ራስ ኬብሉን ግን አልረሳላችሁም። አምራቾች መላ መትተው ነበር፦ አንዱ ራስ ለዳታና ለኮረንቲ፣ ሁለተኛው ለኮረንቲ ብቻ፣ ሁለቱንም ሰክቶ ከሁለት ፖርት መቀበል። እናንተ ከለከላችሁት። ሁለተኛው ራስ ሳይመዘገብ ይወስዳላ! በሩን 500 ላይ የቆለፋችሁት እናንተ፣ መስኮቱን የዘጋችሁትም እናንተ። በደንባችሁ መሠረት የቀረልን ራሱ ከግድግዳ ኮረንቲ የሚወስድ ዲስክ ነው። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ዩኤስቢ 3.0ን አውጥታችሁ ኮታውን 900 አደረሳችሁት፤ እግዜር ይስጥልን። ሕዝቡ «ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ፖርት» ብሎ መለየት ሲጀምር ያንኑ 3.0 በ2013 «3.1 ጄን 1» አላችሁት፣ በ2019 ደግሞ «3.2 ጄን 1»። እኛ ዘንድ ስሙን እንዲህ የሚለዋውጥ ሰው ዕዳ ሸሽቶ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህን ሁሉ የምለው ድሃ አገር ብቻ የሚደርስ ነገር መስሎኝ አይደለም። ኤፕሪል 20 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በኮምዴክስ ትርኢት፣ ቢል ጌትስ ቆሞ እያየ፣ በዩኤስቢ ስካነር ሲሰካ ዊንዶውስ 98 በሕዝብ ፊት ሰማያዊ ሆነ። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ፤ ጌትስም ቀልዶ አለፈው። እዚህ ግን ሰማያዊ ሲሆን የሙሽሪት እናት ነው የምትደውለው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፖርት አጠገብ ስንት ሚሊአምፔር እንደሚሰጥ፣ የእያንዳንዱ ዲስክ ካርቶን ላይም ስንት እንደሚበላ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል እንዲጻፍ ታዙልን ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቅጹ ላይም አንድ ተጨማሪ መስመር።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ

ግልባጭ፦
— ለዲስክ አምራቾች፣ ደቃቃውን ጽሑፍ ለሚጽፈው ክፍል
— ፎርማት ለሚያዙ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ባሉበት
— ለሙሽሪት እናት፣ ቪዲዮው ማክሰኞ ይደርሳል