ወረቀት የሌለበትን ዕዳ ስለ መካድ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ የደነገገ በመሆኑ፤

500 ብር ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ የነበረ፣ ዛሬ ግን ለአንድ ኪሎ ሥጋ የማይበቃ በመሆኑ፤

ጎረቤትን ወረቀት አስፈርሞ ማበደር በአገራችን እንደ ነውር የሚቆጠር፣ ይህም ለእኛ ለተበዳሪዎች ሰፊ የሥራ መስክ የከፈተ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የታል ፊርማዬ?” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. የተፈጻሚነት ወሰን
ልጁ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጎረቤቱ የደረሳትን የዕቁብ ብር፣ 40,000፣ ከሣጥኗ አውጥታ የሰጠችው፣ “እንፈራረም” ሲላትም “ምን በወጣህ! በእኔና በአንተ መካከል ነው ወረቀት?” የተባለ ማንኛውም ሰው የአዋጁ ተጠቃሚ ነው።

3. ስለ ምስክሮች
ብሩ ሲቆጠር አብረው የነበሩ ዕድርተኞች ሊመሰክሩ የሚችሉት ስለ ቡናው ብቻ ነው።

4. ስለ ሽማግሌ
ባለዕዳው የተላኩበትን ሽማግሌዎች በክብር ተቀብሎ፣ ምሳ ጋብዞ፣ “መብቷ ነው፣ ትክሰሰኝ” ብሎ ይሸኛል። ምሳው በማን ብር እንደተገዛ አይጠየቅም።

5. ስለ ይርጋ
በስህተት የፈረመ አባል ተስፋ አይቁረጥ፤ 10 ዓመት ይጠብቅ። ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሳምና፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጊዜው አልፎበታል” ማለትን ባለዕዳው መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመድ። አበዳሪዋ በይሉኝታ ዝም ማለቷ እንደ ቸልተኝነት ይቆጠርባታል።

6. ስለ ሰላምታ
አበዳሪዋ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የታየች እንደሆነ ባለዕዳው በሌላው በር ይወጣል።

7. ያልተደፈነ ቀዳዳ
ነገሩ ወደ መሐላ የደረሰ እንደሆነ ወረቀትም ምስክርም ቀርቶ ባለዕዳው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ይቀራል። አርቃቂ ኮሚቴው መድፈኛ ፈልጎ አላገኘም።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ባለዕዳው ብሩን እስኪመልስ ድረስ የጸና ይሆናል።

ማሳሰቢያ፦ ሕጉ ማስረጃ የለም አለ እንጂ ዕዳ የለም አላለም። በችሎት ረትተህ የወጣህ ሁሉ፣ የሴትዮዋን ብር መልስ።