የበላይ አመራሩ መጥረጊያ ሲይዝ፦ መጠነኛ ጥናት

ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከላይ ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ታሪኩ እንዲሁ ነው። በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ ጃፓኖች በቱኒዚያ ፋብሪካዎች የሠሩትን አንብበው ለእኛም ይሁን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ ሙከራው ተጀመረ፤ 30 ድርጅቶች ተመረጡ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከላይ የወረደው ነገር መልሶ ወደ ላይ የወጣበት አጋጣሚ ግን እምብዛም አይታይም። የዚህ ጥናት ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው። ዘዴው የመስክ ምልከታ ሲሆን፣ መስኩ የመሥሪያ ቤት ግቢ ነው።

አምስቱ የካይዘን «ማ»ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በበላይ አመራሩ ዘንድ እኩል አይወደዱም። የሚወደደው ሦስተኛው ነው። ማጣራት ለካሜራ አይመችም፤ ማዝለቅ የማስጀመሪያ መርሐ ግብር የለውም፤ ማጽዳት ግን መጥረጊያ አለው።

በማስጀመሪያው ዕለት የጽዳት ሠራተኞቹ ጎህ ሲቀድ ገብተው ግቢውን ያጸዳሉ፤ ክቡር ኃላፊው በቆሸሸ ግቢ ሊያልፉ አይችሉምና። እዚህ ላይ ከባድ የምርምር ጥያቄ ይነሳል፦ የጸዳ ግቢ እንዴት ይጸዳል? መሥሪያ ቤቶቻችን ለዚህ ያገኙት መፍትሔ በዘርፉ ጽሑፎች ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። የካይዘን ቡድን መሪው አንጋፋዋን የጽዳት ሠራተኛ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ሁሉንም አይጥረጉት እንጂ፤ ለእሳቸውም ትንሽ ይተዉላቸው» ይላል። ከማለዳው ጠረጋ የተቀነሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጆንያ ይቀመጥና መኪናው በር ላይ ክላክስ ሲያሰማ አስፋልቱ ላይ ይዘረገፋል። ቅጠሉ ደረቅ መሆኑ፣ አቧራ አለማስነሳቱና ከውስጡ ስማቸው የማይጠራ ነገሮች አለመኖራቸው አስቀድሞ ይረጋገጣል። ይህን ክምር «ፕሮቶኮላዊ ቆሻሻ» ብለነዋል።

ክቡር ኃላፊው መጥረጊያውን ዲያቆን ጥላ እንደሚይዝ ቀጥ አድርገው ይቀበላሉ። መጥረጊያው አዲስ ነው፤ የእጀታው ላስቲክ ገና አልተላጠም። ከመሬት የሚገናኘውም የሕዝብ ግንኙነቱ ፎቶ አንሺ «አንድ ጊዜ እንደገና፣ ክቡር ኃላፊ» ባለ ቁጥር ነው። የቀረውን ቅጠል እትዬ ያነሱታል። እሳቸው ፎቶው ውስጥ የሉበትም።

በቶዮታ ፋብሪካ ሌላ ልማድ እንደነበር ይነገራል። የፋብሪካው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠራና ኃላፊውን እዚያ አቁሞ ሥራውን እንዲመለከት ያደርገው ነበር፤ የሚባክነው ምን እንደሆነ እስኪታየው ድረስ፣ ለሰዓታት። በእኛ ግቢ ለሰዓታት የሚቆመው ሠራተኛው ነው፤ የሚመለከተውም በሩን ነው። ኦኖ ከዘረዘራቸው ሰባት ብክነቶች አንዱ መጠበቅ እንደመሆኑ፣ ሠራተኛው ቢያንስ አንዱን ብክነት በተግባር ሠልጥኖ ይመለሳል። ከመርሐ ግብሩ ሁሉ የተዋጣለት ክፍልም ይኸው ይመስለናል።

ለፍትሐዊነት ሲባል፣ ሳይነገርለት የሚመጣ የኃላፊ ዝርያም መኖሩን እንመዘግባለን። ብቻውን መዝገብ ቤት ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ አንድ ፋይል ፈልጎ ለማግኘት ለምን ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቃል። ዝርያው አልፎ አልፎ ቢታይም ለጥናት አይመችም፤ ጥበቃው በር ላይ መታወቂያ ሲጠይቀው ብዙ ጊዜ ያልፋልና።

ወደ ማጣራት እንመለስ። ሠራተኞቹ እግሩ በተሰበረ ወንበር፣ ቀለም በማይገኝለት ማተሚያና በሩ በማይዘጋ ካቢኔት ላይ ቀይ ካርድ ለጥፈው ሁሉንም ወደ ጓሮ አወጡ። ኃላፊው ቢሮ ውስጥ እስከ መስኮቱ የተቆለሉት የሌሎቹ የለውጥ መርሐ ግብሮች፣ የቢፒአርና የቢኤስሲ፣ ጥራዞች ግን ካርድ አልተለጠፈባቸውም፤ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ሠራተኞቹን መልሳቸዋለች። ስብሰባው የካይዘን ነበር።

ዕቃ ደግሞ ካርድ ስለተለጠፈበት ብቻ አይወገድም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዋጋ ይገመታል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ቃለ ጉባኤው በበላይ ኃላፊ ይጸድቃል። የመጨረሻው ደረጃ የሚፈጀው አንድ እስክሪብቶና የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነው። ስለዚህ አመራሩ በመጥረጊያው ምትክ እስክሪብቶ ቢይዝ ጓሮው በዕለቱ ይለቀቅ ነበር የሚል መላ ምት አቅርበን ነበር። ሊፈተን አልቻለም፤ የሚፈርም ኃላፊ ፎቶ ለዜና አይበቃም ተባልን።

ቃለ ጉባኤው ክረምቱን ጠረጴዛ ላይ፣ ወንበሮቹ ዝናብ ላይ አሳለፉ። ለሁለተኛው ዙር የጽዳት ዘመቻ የቀረበው የቲሸርትና የኮፍያ ግዥ ጥያቄ ግን በገባበት ቀን ተፈርሞ ወጥቷል። ግዥ ክፍሉን ያዘገየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክቡር ኃላፊውን ልክ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፣ ገብቶ የሚጠይቅም እንዲሁ።