በጠመኔ የተሰጠው ስልጠና

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለድህረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን የመረጃ ፍለጋ ስልጠና እንደሚሰጥ በማስታወቂያ ሰሌዳም፣ በቴሌግራምም፣ በደብዳቤም ተነግሮን ነበር። «ከጠዋቱ 2፡30፣ በኮምፒውተር ክፍል፤ ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ሰው በሰዓቱ መጣ። ይህን የማነሳው የስልጠና ወሬ በተነሳ ቁጥር «ሰው ለአበል ካልሆነ አይመጣም» የሚባለውን ስለማልቀበል ነው። ይህ ስልጠና አበልም ሻይም አልነበረውም። ሆኖም ከግብርና፣ ከጤና፣ ከሕግ፣ ከቋንቋ የመጡ ተማሪዎችና መምህራን ኮሪደሩን ሞልተውታል። ጡረታቸው የተቃረበ የታሪክ መምህር ሳይቀሩ ትልቅ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

በሩ ግን ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው ሠራተኛ ለቅሶ ሄዳለች። ሌላው ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል ደግሞ ቆጠራ ላይ ስለሆነ ማንንም አያስተናግድም። ከብዙ ስልክ በኋላ ወደ ጋዜጣና መጽሔት ክፍል ወሰዱን። ወንበር አነሰ፤ ከንባብ አዳራሹ እየተሸከምን አመጣን። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ ሆነው በዙም ነበር የሚያስተምሩን። ፊታቸው ግድግዳው ላይ ታየ፤ «ትሰሙኛላችሁ?» አሉ፤ «እንሰማለን!» ብለን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ጄኔሬተሩ የሚያበራው የአስተዳደር ሕንፃውንና ሬጅስትራርን ብቻ ነው። ጥቂት ሰዎች ቦርሳቸውን አነሱ።

ጋሼ የተነሱት ይሄኔ ነው። በግቢው ሁሉም «ጋሼ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ካታሎጉ በመሳቢያ የሚደረደር ካርድ በነበረበት ዘመን የተቀጠሩ፣ ዛሬም ከመደርደሪያው ጀርባ የማይጠፉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። ከጥግ ተሽከርካሪውን ጥቁር ሰሌዳ እየገፉ አመጡና ጠመኔ አነሱ። «መብራት እስኪመጣ ዝም ብለን ከምንቀመጥ፣ ፍለጋ አልሳካ ያላችሁ ንገሩኝ» አሉ።

አንዲት የዕፅዋት ጤና ተማሪ እጇን አወጣች። ሲዳማ ተወልዳ ያደገች ናት። የምታጠናው የእንሰት አጠውልግ በሽታን ነው።

«ምን ብለሽ ፈለግሽ የኔ ልጅ?»

«እንሰት ብዬ ነዋ ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። የወጣልኝ ጥቂት ነው። አማካሪዬም ‹ሊትሬቸር ሪቪውሽ ሳስቷል› አሉኝ።»

«ሳስቶ አይደለም፤ ሌላ ስም ይዞ ተቀምጦ ነው» አሉና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። እንሰት በሳይንሳዊ ስሙ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም ይባላል፤ የቆዩት ጽሑፎች ግን ከሙዝ ወገን ቆጥረው ሙሳ ኤንሴቴ ይሉታል። ለውጭ አንባቢ የሚጽፉ ደግሞ «ፎልስ ባናና» ይሉታል። ሲዳማው ዌሴ፣ ወላይታው ኡታ ይለዋል፤ የመስክ ጥናት የሠሩ ሰዎች በእነዚህ ስሞች ጽፈዋል። ከዚያ ወደ በሽታው ሄዱ። ባክቴሪያው በመጀመሪያ ዛንቶሞናስ ሙሳሴያረም ተባለ፤ ቀጥሎ ከዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሥር ገባ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ተዛወረ። አንዱን ስም ብቻ የጻፈ የአንዱን ዘመን ጥናት ብቻ ያገኛል።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ቅንፎች ሠሩ። በአንዱ የተክሉን ስሞች በሙሉ «ኦር» በሚለው ቃል አያያዟቸው፤ በሌላው የበሽታውንና የባክቴሪያውን ስሞች እንዲሁ። በሁለቱ ቅንፎች መካከል «ኤንድ» ብለው ጻፉ። እንሰት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ የኮከብ ምልክት ጨመሩ፤ ቃሉ በአንድ ፊደል ቢረዝም እንኳ እንዳያመልጥ ነው። ይህ ስሌት የጆርጅ ቡል ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ «የአስተሳሰብ ሕጎች» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይኖር ማለት ነው። ጋሼም ኮምፒውተር ሳይኖር ማስተማር መቻላቸው ተገቢ መሰለኝ። ልጅቱ ሰሌዳውን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ቦርሳ ያነሱትም ተመልሰው ተቀመጡ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የዚህን በሽታ መንስኤ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይቶ ለዓለም ያሳወቀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ ነው፤ ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በሽታው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኡጋንዳ ላይ የሙዝ ማሳ ማጥፋት ሲጀምር የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪ ሁሉ ወደዚያች የኢትዮጵያ ጽሑፍ ነው የተመለሰው። ልጅቱ የዳኛቸውን ስም ከመምህሯ ሰምታለች፤ ፈልጋም አጥታለች። «በዳኛቸው አታገኚውም» አሏት ጋሼ። «ዓለም የሚያውቃቸው ይርጉ በሚል ነው። ይርጉ አባታቸው ናቸው።»

እዚህ ላይ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የማስተምረው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነውና በዚህ ጉዳይ ስቃጠል ነው የኖርኩት። የሪፈረንስ ሶፍትዌር ሁሉ ሁለት ሳጥን ይሰጥሃል፤ አንዱ የግል ስም፣ አንዱ የቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራሳችን ስምና የአባታችን ስም ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን ሐዲስ ዓለማየሁን ስታስገባ «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ሆኖ ይወጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ የቆሙት ግን አባታቸው ናቸው። ዓመቱም ይፈርሳል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አንዱ ተማሪ 1958 ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ 1965፣ ሌላው 1966፤ ምክንያቱም የእኛ ዓመት ከመስከረም ስለሚጀምር በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ይወድቃል። አንድ መጽሐፍ በአንድ ዲፓርትመንት ቴሲሶች ውስጥ ብቻ ሦስት መጽሐፍ መስሎ አይቻለሁ። የውጭ ፈታኝ «ይህ መጽሐፍ የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው ላብ ያጠምቀዋል፤ በድካም የተሰበሰበ ሥራ በአንድ መስመር ይጠረጠራል።

መፍትሔው አለ፤ ግን የሚነግረን የለም። ዞቴሮ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነፃ ሶፍትዌር፣ ሁለቱን ሳጥኖች ወደ አንድ የሚያጥፍ ምልክት ከስሙ አጠገብ አለው። አንዴ ስትነካው ሙሉ ስሙን እንዳለ ታስቀምጣለህ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ሐዲስ ዓለማየሁ ሆኖ ይወጣል። ከሃምቡርግ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ ነው የሚጽፈው። እነሱ ያከበሩትን እኛ በገዛ ግቢያችን የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም። ወጣት ተመራማሪዎች ደግሞ ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ ያውጡ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ስምህ በየጆርናሉ በተለያየ ፊደል ቢጻፍም ሥራህን ወደ አንተ ይሰበስባል።

የታሪኩ መምህር ደብተራቸውን ዘርግተው፣ «የአማርኛውስ ፍለጋ ጋሼ? እኔ ኃይለ ሥላሴን ነው የምፈልገው» አሉ። ሁለቱ አንጋፋዎች እርስ በርስ «ጋሼ» ሲባባሉ ደስ ይላል። ጋሼ ጠመኔያቸውን አንስተው ስሙን በየአጻጻፉ ደረደሩ፦ በኃ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሀ፤ ሥላሴ በሠ፣ በሰ፤ ተነጥሎ፣ ተያይዞ። ሰሌዳው ሞላ። ኮምፒውተሩ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ፊደል ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ካታሎጉ ካልተነገረው በቀር አንዱን ስትጠይቀው ሌላውን አያመጣልህም። አዲስ ዘመን ጋዜጣን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚያገላብጥ፣ በወመዘክርም ሆነ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ካታሎግ ሲሆን ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ጸጋዬ የሚለው ስም ብቻ በስንት ዓይነት ተጽፎ እንደሚገኝ የፈለገው ያውቀዋል።

ከዚያ ወሬው ወደ ገንዘብ ዞረ። አንድ የጤና መምህር ጽሑፍ የሚያገኘው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአጎቱን ልጅ እያስቸገረ መሆኑን ተናገረ። ጋሼ ተገርመው አዩት። የጤና ምርምር ጽሑፎችን የሚያስገኘው ሂናሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ያቋቋመው ነው፤ በኋላ የግብርናው አጎራ፣ የአካባቢው ኦኤር፣ የቴክኖሎጂው አርዲ፣ የሕጉ ጎአሊ ተጨምረውበት ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ሆነዋል። የኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ነው። መምጣትና መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀጥሎ የተሰማው ግን ቤቱን ዝም አሰኘው። አንድ ወጣት ሌክቸረር በኢሜይል «ጽሑፍዎን በአንድ ሳምንት እናትማለን» ያለውን ጆርናል አምኖ ከፍሏል። ዶላሩን የላከችለት ሪያድ የምትሠራ እህቱ ናት። ጽሑፉ አንድም ገምጋሚ ሳያየው ታተመ። ለማዕረግ ዕድገት ሲያቀርበው ኮሚቴው «ይህ ጆርናል አይታወቅም» ብሎ መለሰው። ጽሑፉን አስነስቶ ሌላ ቦታ እንዳያሳትም፣ አንዴ የታተመ ሥራ ነው ብለው አይቀበሉትም። የሁለት ዓመት የመስክ ሥራው መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የተዘረፈ ሰው ነው። የኮሎራዶው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቤል እንዲህ ያሉ አሳታሚዎችን ለዓመታት ሲዘረዝር ኖሮ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከድረ ገጽ ወረደ፤ ስለዚህ ዛሬ ራስን መጠበቅ የግድ ነው። ጋሼ የነገሩን ቀላል ነው፦ ኤዲተሮቹ በእርግጥ በተባለው ዩኒቨርሲቲ አሉ ወይ? ጆርናሉ በስኮፐስ ወይም በዶአጅ ማውጫ ላይ ራሱ ማውጫው ውስጥ ገብተህ ስትፈልገው ይገኛል ወይ? ክፍያው ከመላክህ በፊት በግልጽ ተጽፏል ወይ? «ከመክፈልህ በፊት እኔ ጋ ና፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ያ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ተሰጥቶት ቢሆን ብዬ አሁንም እቆጫለሁ።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስለሚፈበረኩ ሪፈረንሶችም ተነሳ። ርዕሱ ያማረ፣ ጸሐፊው የታወቀ፣ ግን የትም የማይገኝ ጽሑፍ በየቴሲሱ እየገባ ነው። በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር አስገብተህ ሌላ ጽሑፍ ከከፈተልህ፣ ወይም ምንም ካልከፈተልህ፣ ያንን ሪፈረንስ አውጣው። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

መብራቱ የመጣው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። የአዲስ አበባው አሰልጣኝም ተመልሰው ገቡ፤ በደንብ የተዘጋጁ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ምሳሌዎቻቸው ግን ስለ አሜሪካ ሆስፒታሎችና ስለ አውሮፓ ባንኮች ነበሩ፤ ስላይዱን ያገኙት እንደዚያው ሆኖ ነውና። ከጠዋቱ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ታየኝ። እንሰትን በስሞቹ፣ ዳኛቸውን በአባታቸው ስም፣ ኃይለ ሥላሴን በየፊደሉ ያልፈለገ ስልጠና ለእኛ ተመራማሪ ግማሽ ስልጠና ነው። ጊዜውም ትክክል አይደለም። ስልጠናው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተማሪው ቴሲሱን ሊያስጠርዝ በሚሮጥበት ወር ይሰጣል። የሳሳው ሪቪው ያን ጊዜ አይደነድንም።

ስለዚህ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ፣ ተማሪው ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት፣ ወደ ክፍል ጥሩት፤ የኮርሱ አካል አድርጉት፤ ሰዓቱን እንደ ማስተማር ሰዓት ቁጠሩለት። የክፍሉን ቁልፍም ሁለት ሰው ይያዘው። አንተም የድህረ ምረቃ ተማሪ ከሆንክ ማስታወቂያ አትጠብቅ። የምርምር ርዕስህን በወረቀት ጻፍና በዚህ ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂድ፤ ባለሙያውን በስማቸው ጠይቅ።