የአቃቂ ነቢያት

መስከረም ሲጠባ አቃቂ ላይ ሁለት ነገር ይፈላል፤ ቡናና ትንበያ። ስለ ጊዮርጊስ ወይም ስለ ኢትዮጵያ ቡና ቢተነብዩ ማን ይገረማል? የእኛ ሰፈር ነቢያት ግን የሚያሰልፉት ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ያለውን የሰፈሩን የከፍተኛ ሊግ ቡድን ነው። ያውም ተጫዋቹ ገና ሳይፈርም።

አሰላለፉ በናፕኪን ላይ ይሰፍራል። በክረምቱ ዝውውር ግማሹ ቡድን ወደየክልሉ ስለሚበተን፣ ናፕኪኑ ላይ ካሉት አሥራ አንዱ ውስጥ አራቱ በዚያች ሰዓት ሌላ ከተማ ልምምድ ላይ ናቸው። ይህ ነቢያቱን አያናውጥም። ከተስፋ ቡድን የሚያድገውን ልጅ አንዱ «አጥቂ ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ አማካይ ነው» ብሎ ይምላል። ልጁ አምና ሁለቱንም ቦታ ተጫውቷል፤ ሰው ስለጎደለ። ከመለዋወጫ ፋብሪካ ጎን ኖረን መለዋወጫ የግራ ተከላካይ ያጣን ጉዶች!

የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ለተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ አበጅቶ ነበር። ለትንበያ ጣሪያ ማበጀቱን ግን ዘነጋው፤ ስለዚህ የእኛ ናፕኪን በየዓመቱ ሻምፒዮን ነው።

ደግሞም በክፍለ ከተማችን ስም የሚጠራው የሴቶች ቡድን በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። እስቲ ከነቢያቱ አንዱን «ጋሼ፣ የግብ ጠባቂዋ ስም ማን ነበር?» በሉት። ወዲያው ስልኩ ይጠራል።