የሾላው ቅርንጫፍ

በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፣ የእግዜር ድልድይ በሚባለው ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ። በ2004 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጣ ጭልፊት ከሾላው አጠገብ አረፈ። የነጭ ሳር አውሬዎች ለሸንጎ ዱቡሻ ተቀመጡ።

መሪያቸው፣ ሀላቃው ቆርኬ፣ «እንግዳችን፣ ምን ሽተህ መጣህ?» ሲል ጠየቀው።

«አንድ ቅርንጫፍ ብቻ። ከዚህ እየተነሳሁ የሶማሊያን በረሃ አያለሁ። የዚያ ጅብ የእናንተም ጠላት ነው። ደግሞ ጥፍር የለኝም፤ ዓይን ብቻ ነኝ።»

ነገሩ እውነት ነበረ፤ ጅቡ የማንም ወዳጅ አልነበረም። ሰጡት።

በሳምንቱ ቅርንጫፉን በእሾህ አጠረ። በወሩ ጦጣዎቹ ጫጫታቸው ያዘናጋል ተብለው ከሾላው ወረዱ። ቀጥሎም ከጥላው ሥር መተኛት ተከለከለ።

የሜዳ አህያ ተጠግታ «ትናንት ማታ ምን አየህ?» አለችው።

«ያየሁት ለአገሬ ነው» አላት።

ሌሊት ሌሊት ከገደሉ ላይ ዘብ የሚቆመው ዝንጀሮ «ጭልፊት እያለ እኔ ምን አስነቃኝ?» ብሎ ተኛ። ልጆቹ ዘብ መቆም ሳይማሩ አደጉ። ጅቡ ግን «ይህ ዓይን ከየት ነው የሚነሳው?» ብሎ ሲያጠያይቅ ሾላውን አሳዩት።

ኤሊ በዱቡሻው ተነሳች። «በአስመራ ደጋ፣ ቃኘው በተባለ ስፍራ፣ ጆሮ ብቻ የሆነ እንግዳ ነበረ። በ1945 ዓ.ም. ለ25 ዓመት ተዋውሎ ተቀመጠ። ኋላ ከደመና በላይ የሚሰማበት ሲያገኝ ደጋው ረከሰበት፤ በ1969 ዓ.ም. ደጁ ተዘጋ። ይኼኛውስ የሚሄድበትን ቀን ነግሯችኋል?»

«አርጅታለች» አሉ።

በ2008 ዓ.ም. ጭልፊቱ «ቅርንጫፉ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ሄደ። እሾሁ ቀረ።

ሁለት ክረምት አለፈ። የሜዳ አህያ እንዲህ አለች፦ «በጅቡቲ ግራር ላይ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የጣሊያን አሞሮች ሰፍረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የቻይናም ተጨምሮ ኪራይ ይከፍላል። እኛም ሾላችንን እናከራይ።»

«እነዚያ አሞሮች ምን ያያሉ?» አለች ኤሊ።

«እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።»

ስለ ኪራዩ ሲከራከሩ መሸ። ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ጅብ ጮኸ። ቆርኬ የዝንጀሮን ልጆች «ወደ ገደሉ ውጡ፣ ጠብቁ!» አላቸው።

ወጡ። ከላይ ሆነው ተጣሩ፦ «ወዴት ነው የምናየው?»